ለ9 ዓመት ልጄ ቀላል የሆኪ ስቲክ፦ ከዚህም የቀለለ አለ እንዴ?

የሴንት ፖሏ እናት · እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ የሆኪ ወላጆች እንዳላችሁ ከቆዩ ጽሑፎች አይቻለሁ፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው። እኔ ስለ ሆኪ በደንብ የማውቀው ሪንክ፣ የበረዶ ሜዳው ውስጥ፣ እግር እንደሚበርድ ብቻ ነው።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ መጫወት ከጀመረች ሦስተኛ ክረምቷ። ዘንድሮ ከ8 ዓመት በታች ቡድን ወጥታ ከ10 በታች ገባች። አምና ፓኩን፣ ያንን ክብ ጎማ፣ ከበረዶው ብድግ እያደረገች ጎል ታገባ የነበረች ልጅ፣ ዘንድሮ መሬት ለመሬት ከማንሸራተት አላለፈችም። «እማዬ፣ ስቲኩ ይከብደኛል» አለችኝ። እኔም ቀላል ስቲክ ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘሁት በቅናሽ ነው። ከ200 ዶላር በላይ የነበረው በ110። ሻጩ «ከዚህ የቀለለ የለም» አለኝ። እውነትም ሲይዙት ላባ ነው። ቁመቱ ስለበዛባት እዚያው 7 ኢንች ቆረጠልኝ። ያን ቀን ማታ አልጋዋ ላይ ይዛው ተኛች።

ቅዳሜ ጨዋታ ነበራት። ከአሮጌው ባሰ! ስትመታ ስቲኩ እጇን እየነዘራት ፓኩ ሁለት ሜትር ሄዶ ይቆማል። ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ስታሽ አየኋት፤ አንጀቴን በላችው።

ከዚህ የቀለለ አለ? ወይስ ልጄ ናት ጉልበት ያነሳት? ቁመቷ 4 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ክብደቷ 62 ፓውንድ።

የካልጋሪው አባት · እሑድ ማታ

እህቴ፣ ልጅሽ ምንም አልሆነችም። ክብደቱን ለጊዜው እርሺው። ዘንጉ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ፍሌክስ ከሚል ቃል አጠገብ። ስንት ይላል?

የሴንት ፖሏ እናት · እሑድ ማታ

55 ይላል። ከሱ ጎን ደግሞ ኢንተርሚዲየት የሚል አለ። መጥፎ ነው?

የካልጋሪው አባት · እሑድ ማታ

በቃ፣ ሌባው ተያዘ።

ስቲክ በአራት መደብ ይሸጣል። ዩዝ ለትንንሾቹ፣ ጁኒየር ለልጅሽ እኩዮች፣ ኢንተርሚዲየት ለጉርምስና ጀማሪዎች፣ ሲኒየር ለአዋቂ። አንቺ የገዛሽው የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ዱላ ነው። ዘንጉም ወፈር ይላል፤ ትንሽ መዳፍ በደንብ አይጨብጠውም።

አሁን ፍሌክስ። ዘንጉን አንድ ኢንች ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው። 55 ከሆነ 55 ፓውንድ። ልጅሽ ከነአጥንቷ 62 ናት። ሙሉ ክብደቷን ልትጭንበት ነው እንዴ? ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ልክ የክብደትን ግማሽ ነው። ለሷ 31 ይመጣል፤ 30 ግድም በይው።

ሆኪ ውስጥ ፓክ በክንድ ጉልበት ብቻ አይወነጨፍም። ልጅቷ ስቲኩን በረዶው ላይ ትጫናለች፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ይለጠጣል፣ ሲመለስ ፓኩን ያስፈነጥረዋል። ቀስቱ ካልተለጠጠ ፍላጻው የት ይሄዳል? የነዘራትም ለዚህ ነው። ዘንጉ አልታጠፍ ሲል ምቱ ተመልሶ ወደ እጇ መጣ።

ሲቪሉ ከዴንቨር · እሑድ እኩለ ሌሊት

ልጅ የለኝም፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ግን አንድ ነገር አለፋችሁ። የቆረጠችው ሰባት ኢንች ነው!

ዘንግ ሲያጥር ግትርነቱ የሚያድገው በቀጥታ አይደለም፣ በርዝመቱ ኪዩብ ነው። 57 ኢንች ነበር ብለን 50 ቀረ እንበል። 57 ለ50 ሲካፈል 1.14። ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.48። 55 በዚያ ሲባዛ 81 ይሆናል።

ረዳት ኮች ሚኒያፖሊስ · ሰኞ ጠዋት

የዴንቨሩ ወንድሜ ሒሳቡን አሳምሮታል። በረዶ ላይ የታችኛው እጅ የሚያርፍበት ቦታም ስለሚለውጠው በትክክል 81 አይሆንም፤ ዞሮ ዞሮ ግን ለ62 ፓውንድ ልጅ ብረት ነው። ብዙ ስቲኮች ላይ ከጫፉ አጠገብ መስመሮች አሉ፤ «እዚህ ብትቆርጥ ፍሌክሱ ይህ ይሆናል» የሚሉ። ሻጩ መጋዙን ከማንሳቱ በፊት ማሳየት ነበረበት።

ግን እህቴ፣ ለኔ ቁልፉ ሌላ ቦታ ነው። ልጅሽ አምና ስትጫወትበት የነበረው ፓክ ሰማያዊ ነበር?

የሴንት ፖሏ እናት · ሰኞ ጠዋት

አዎ! እንዴት አወቅክ?

ረዳት ኮች ሚኒያፖሊስ · ሰኞ ጠዋት

አሜሪካ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚጫወቱበት ሰማያዊው ፓክ 4 አውንስ ነው። ከ10 በታች ሲገቡ ጥቁሩን፣ የትልልቆቹን ያገኛሉ። እሱ 6 አውንስ ነው፤ 170 ግራም። በአንድ ክረምት ፓኩ በግማሽ ከበደባት ማለት ነው። ሜዳውም ያኔ የሪንኩ ቁራጭ ነበር፣ አሁን እየሰፋ ነው። «ስቲኩ ከበደኝ» ያለችሽ እውነቷን ነው፣ የከበደው ግን ጫፉ ላይ ያለው ነገር ነው።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይህንኑ አያለሁ። አምና ኮከብ የነበሩት ልጆች ለሁለት ወር ይጠፋሉ። ወላጆች ደግሞ ሱቅ ይሮጣሉ።

ሌላ፣ የተቆረጠው ጫፍ ተደፍኗል? ኮምፖዚት፣ ማለትም የካርቦኑ ስቲክ፣ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። ክዳን ወይም በደንብ የተጠቀለለ ቴፕ ከሌለው ዳኛ አያስገባትም፤ ልጅ ላይ ቢወድቅ ይቆርጣል።

የሴንት ፖሏ እናት · ሰኞ ከሰዓት

ተደፍኗል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ፓኩ ግን ማንም አልነገረኝም! ልጄን «ጉልበትሽን አሰባስቢ» እያልኩ ስጮህባት ነበር እኮ። አሁን አፈርኩ።

የድሮ ሰው · ሰኞ ማታ

ይህ ሁሉ ቁጥር ለአንድ ዱላ? ቶሮንቶ 31 ዓመቴ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቼ ያደጉት በእንጨት ስቲክ ነው። ሃያ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሲሰበር ሌላ ይገዛል። አሁን 200 ዶላር ከፍላችሁ በሳምንቱ አንድ ልጅ ይመታውና ቀጭ ይላል።

እኔ ራሴ መንዝ ሳድግ የገና ዱላችንን ከጫካ ነበር የምንመርጠው። ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ እንጨት እስኪገኝ ቀኑን ሙሉ እንዞራለን። ካልተገኘ እርጥቡን እሳት ላይ ለብለብ አድርገን እናጎብጠዋለን። ታዲያ አባቴ ዱላዬን አይቶ «ይህ ላንተ ይከብዳል» ብሎኝ አያውቅም። «ይህ ላንተ ይረዝማል» ነበር የሚለኝ። ሩሯን ስቼ መሬቱን ስመታ እያየ።

የካልጋሪው አባት · ሰኞ ማታ

ጋሼ፣ አባትዎ ካሉት በላይ ምን እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ ርዝመት ነው።

ለእናትየዋ፦ ልጅሽን ያለ ስኬት ጫማ (የበረዶ መንሸራተቻው) ባዶ እግሯን አቁሚያት። ስቲኩን ፊት ለፊቷ ጫፉን መሬት አስነክተሽ አቁሚው። አፍንጫዋ ጋ ይድረስ። ስኬት ጫማውን አድርጋ ከሆነ አገጯ ጋ። አሁን «ትንሽ ረዘም ያለ ልግዛላት፣ ታድግበታለች» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። እኛ ሐበሾች ጫማም ኮትም እንደዚያ ነው የምንገዛው። ስቲክ ላይ ይቅር።

የድሮ ሰው · ሰኞ ማታ

እንጨቱ ይከብዳል፣ እሱን አልክድም። ትንሹ ልጄ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ እየጎተተው ነበር የሚሄደው። ካርቦን ካርቦን ስትሉ ስለሰለቸኝ ነው።

ኤድመንተን_ቡና · ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ልከራከር። ሁላችሁም «ክብደቱን እርሺው» ትላላችሁ። ልጄ የጎል አካባቢ ተጫዋች ናት፤ ከባድ ስቲክ ስትይዝ ፓኩን ቀኝ ግራ የማመላለስ ፍጥነቷ ግልጽ ሆኖ ይወርዳል። ክብደት ትርጉም አለው።

ዋናው ግን ክብደቱ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ርካሽ ስቲክ ብዙ ጊዜ ምላጩ ጋ፣ ፓኩን የሚመታው ጠፍጣፋ ጫፍ ጋ፣ ይከብዳል። ሱቅ ውስጥ ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ አስተኙት፤ ሚዛኑን እስኪጠብቅ አንሸራቱት። ሚዛኑ ወደ ምላጩ በጣም ከወረደ ልጅ እጅ ላይ አካፋ ነው። ሁለት ስቲኮች በሚዛን እኩል ሆነው፣ አንዱ የሚቀል የሚመስለው ለዚህ ነው።

ስለ ከርቩ (የምላጩ አጎባበጥ)፦ 92 የሚባለውን ውሰዱ፣ ለልጅ ይበቃል። 28 የሚባለው ጫፉ ላይ በጣም የታጠፈ ነው፤ ልጆች ታዋቂ ተጫዋች ስለያዘው ይፈልጉታል፣ ከዚያ ማቀበል ያቅታቸዋል።

ረዳት ኮች ሚኒያፖሊስ · ማክሰኞ ጠዋት

ኤድመንተን ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ ለ12 ዓመት ልጅ። ለ9 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ርዝመት፣ ቀጥሎ ፍሌክስ፣ ቀጥሎ የምትመታበት እጅ፣ ከዚያ በኋላ ነው ግራም።

ኤድመንተን_ቡና · ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ 12 ናት፣ እሺ ተረታሁ። ግማሹን።

አዲስ ገቢ ሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ ከሰዓት

ይቅርታ፣ በጎን ልግባ። ወንድ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ቅዳሜ ይጀምራል። በቀኝ እጁ ነው የሚጽፈው። ቀኝ ስቲክ ልግዛ?

የካልጋሪው አባት · ማክሰኞ ማታ

አትቸኩል። እዚህ ካናዳ በቀኝ የሚጽፍ ልጅ ብዙውን ጊዜ ግራ ስቲክ ነው የሚይዘው። ጠንካራው እጅ ከላይ ሆኖ ይቆጣጠራል፣ ሌላው ከታች ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ ቀኝ የሚበዛው ልጆቹ ቤዝቦል ስለለመዱ ነው ይላሉ።

ዛሬ ማታ መጥረጊያ አስይዘው፤ ረጅም እጀታ ያለውን። «ወጥ ቤቱን ጥረግልኝ» በለው፣ አታስተምረው። የታችኛው እጁ ግራ ከሆነ ግራ ስቲክ ግዛ። ቢያንስ ወጥ ቤቱ ይጠረጋል።

አዲስ ገቢ ሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ ማታ

ግራ ሆነ። ወጥ ቤቱ ግን አልተጠረገም።

ሶደርታሊያ · ረቡዕ ጠዋት

ከስዊድን ሰላምታ። እኛ ፓውንድ አናውቅም፤ ግን አቋራጭ አለ። የልጁን ክብደት በኪሎ ውሰዱ፣ ያው ቁጥር ፍሌክሱ ነው ማለት ይቻላል። 28 ኪሎ ልጅ፣ 28 እስከ 30 ፍሌክስ። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ስለሆነ ግማሹ 1.1 ይመጣል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደግሞ «ሐበሻና ሆኪ ምን አገናኘው» ለሚሉ ዘመዶቻችሁ፦ ያሬድ ሐጎስ የሚባል ልጅ ስቶክሆልም ተወልዶ፣ በ2001 የአሜሪካው ሆኪ ክለብ ዳላስ ስታርስ በተጫዋቾች ምርጫ በሦስተኛው ዙር መርጦታል። ስሙን ብቻ አንብቡላቸው። እኔ እናቴን ዝም ያሰኘሁት በሱ ነው።

የሴንት ፖሏ እናት · ረቡዕ ማታ

ዛሬ ሱቁ ተመለስኩ። የተቆረጠ ዕቃ አንመልስም አሉኝ። ጠብቄው ነበር። ሻጩ ሌላ ልጅ ነው፤ ያኛው የለም። 110 ዶላሬ በጤናው ይሂድ።

ሌላ ጥያቄ። ሁሉም ጁኒየር ስቲክ 30 አይልም። 20 አለ፣ 30 አለ፣ 40 አለ፣ 50ም አለ! ሁሉም ጁኒየር የሚል ጽሑፍ አለው። እንደገና እንዳልሸወድ።

ረዳት ኮች ሚኒያፖሊስ · ረቡዕ ማታ

ጁኒየር ሰፊ ቤት ነው፤ ከ7 እስከ 13 ዓመት ያሉት ሁሉ እዚያ ናቸው። ስለዚህ የመደቡን ስም ሳይሆን ቁጥሩን አንብቢ። ሁለት ሦስት ኢንች የሚቆረጥ ከሆነ ከግማሽ ክብደቷ ዝቅ ካለ ፍሌክስ ጀምሪ፣ ሲቆረጥ ይወጣል። የሚቆረጠው አንድ ኢንች ብቻ ከሆነ 30ውን ውሰጂ።

ከመግዛትሽ በፊት ሱቁ ውስጥ ፈትኚው። ምንጣፍ ላይ ታቁመው፣ የላይኛው እጇ ጫፉ ላይ፣ የታችኛው መሐል ላይ፣ ወደ ታች ትጫነው። ሲጎብጥ በዓይንሽ ማየት አለብሽ። «የጎበጠ ይመስለኛል» ካልሽ አልጎበጠም።

ዋጋ፦ ከ60 እስከ 90 ዶላር ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትፈልጊያለሽ። ደረሰኙን ያዢ፤ ብዙ ኮምፖዚት የ30 ቀን ዋስትና አለው።

የካልጋሪው አባት · ረቡዕ ማታ

ያገለገለም አትናቁ። ልጆች ከመሰበሩ በፊት ያድጉበታል፣ ስለዚህ ደህና ጁኒየር ስቲክ በሩብ ዋጋ ይገኛል። ግን ምላጩን በአውራ ጣትና በመዳፍ መሐል ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ውስጡ ሞቷል። ዘንጉ ላይ ደግሞ በጥፍር ዳብሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ እዚያው ላይ ነው የሚሰበረው።

ካናዳ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ገና ጀማሪ ከሆነ ፈርስት ሺፍት የሚባለውን ጠይቁ፤ ከራስ እስከ እግር ዕቃ ጨምሮ ነው የሚያስጀምሩት። ለመመዝገቢያ ክፍያ ደግሞ ኪድስፖርትና ጃምፕስታርት ይረዳሉ። ማመልከት አያሳፍርም፣ እኔ ሁለት ዓመት ተረድቻለሁ።

የሴንት ፖሏ እናት · ቅዳሜ ማታ

ተመልሻለሁ። ረዥም ነው፣ ታገሱኝ።

ጁኒየር፣ 30 ፍሌክስ፣ ግራ፣ 92 ከርቭ፣ 70 ዶላር። አንድ ኢንች ብቻ አስቆረጥኩ፤ ልኬቱን በራሴ ሜትር ለክቼ፣ እርሳስ አስምሬበት። ሻጩ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ቤት ስገባ ነገሩ ከነከነኝና ሁለቱንም የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለ 110 ዶላሩ 348 ግራም። አዲሱ 391። ልብ በሉ፣ ርካሹ በ43 ግራም ይከብዳል! ለልጄ ምንም አልነገርኳትም። ጋራዡ ፊት ለፊት ሁለቱን ሰጠኋትና «የትኛው ይቀላል?» አልኳት። ጥቂት ጥቂት መታችበት። አዲሱን አንስታ «ይሄኛው። በጣም ይቀላል» አለችኝ። ሁለቴ ጠየቅኳት።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጨዋታ ነበር። ጎል አላገባችም። ግን ፓኩ ሁለት ጊዜ ተነሳላት፤ አንዱ በረኛዋ ትከሻ ላይ አረፈ። ከወንበሩ ላይ ዞር ብላ እኔን ስትፈልገኝ አየኋት።

ረዳት ኮች ሚኒያፖሊስ · ቅዳሜ ማታ

የሚዛኑን ነገር ለቡድኔ ወላጆች ልናገረው ነው።

አንድ የቤት ሥራ። ከሦስት አራት ልምምድ በኋላ የምላጩን ሥር፣ በረዶ የሚነካውን፣ ቴፑን እዪው። መሐሉ ላይ ከተበላ ልኩ ገጥሟል። ተረከዙ ጋ ብቻ ከተበላ ስቲኩ አሁንም ይረዝማል፣ ጫፉ አየር ላይ ነው ማለት ነው። ጫፉ ጋ ብቻ ከተበላ አጥሯል።

ኤድመንተን_ቡና · ቅዳሜ ማታ

43 ግራም ከብዶ ቀለለ? በሉ ሙሉ በሙሉ ተረታሁ። ግን እመኑኝ፣ ሚዛኑን በጣት ብታዪው አዲሱ ወደ እጀታው ይበልጥ ይቀርባል።

የሴንት ፖሏ እናት · እሑድ ጠዋት

አየሁት። ልክ ነሽ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ እጀታው ይቀርባል።

አሮጌውን ላባ ምን ላድርገው? ማስረዘሚያ የሚባል ይሰኩበታል ሲሉ ሰማሁ።

የካልጋሪው አባት · እሑድ ጠዋት

ይቻላል። ባዶው ጫፍ ውስጥ የሚገባ እንጨት ይሸጣል፣ በሙጫ ይያያዛል። ግን ከላይ ይከብዳል። እኔ ብሆን አልነካውም፤ ለመንገድ ጨዋታ ትያዘው፣ ወይም ቁመቷ አጭር ሆኖ ጉልበት ላላት ትልቅ ልጅ ስጪ።

የሴንት ፖሏ እናት · እሑድ ከሰዓት

ለመንገድ ወስኛለሁ። ይቅርታ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የጋራዡ በር ላይ አራት ጥቁር ክብ ምልክት አለ፤ አንዱ ገባ ብሏል። ነጭ በር ነው። አባቷ ከሥራ ማታ ይመጣል፣ ገና አላየም። በምን ይለቃል?

ሶደርታሊያ · እሑድ ከሰዓት

ጥቁሩ ጎማ ነው፣ በሜላሚን ስፖንጅ ይለቃል። የገባው አይወጣም።

የድሮ ሰው · እሑድ ከሰዓት

ልጄ፣ አባትየው ሲመጣ ቡና አፍልተሽ ጠብቂው። ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ በሩን አሳዪውና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» በይው።